የጥር ወንዝ፦ ስለ ሪዮ ዴ ጄኔሮ የበጋ ወራት

ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሱ ልቦለዶችን የሚያነብ ሰው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይደናቀፋል። ገጸ ባሕርያቱ ለዕረፍት ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ተርጓሚውም ወቅቱን አንድ ጊዜ «ክረምት»፣ ሌላ ጊዜ «በጋ» ይለዋል። «ክረምት» ካለው ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ፊታችን ላይ ይደቀናሉ፤ «በጋ» ካለው ደግሞ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ተማሪው ከክፍል ገብቶ፣ የጥምቀት ሰሞን ፀሐይ ወጥታ ትታየናለች። በልጅነታችን ዕረፍት ማለት ክረምት ነበር፤ ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው። ባሕርና ፀሐይ ከዕረፍት ጋር በአንድ ቃል ውስጥ አልተገናኙልንም።

ይህን የቃል ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት፣ የባሕር ዳርቻ ዕረፍት በተነሣ ቁጥር ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ ከተሞች አንዷ ስለሆነችው ስለ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ነው። በዚያች ከተማ ሙቀቱ የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ ዶፉም የሚወርደው፣ ትምህርት ቤቶችም የሚዘጉት በዚያው ወራት ነው። በወሩ ቢታይ የእኛ በጋ፣ በዝናቡ ቢታይ የእኛ ክረምት ነው። እኔ «በጋ» እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ወደዚያች ከተማ የመሄድ ዕድል አጋጥሞኝ ነበር። ኮፓካባና በሚባለው ዳርቻ ጃንጥላው ከጃንጥላ ጋር ተነካክቶ አሸዋው አይታይም። ቀዝቃዛ የማቴ ሻይ በቆርቆሮ በርሜል በትከሻቸው ያንጠለጠሉ ሻጮች እየጮሁ ያልፋሉ። ሽማግሌው በቁምጣ፣ ባልቴቲቱ በዋና ልብስ፣ ሕፃኑ ራቁቱን፤ ሁሉም እዚያ የተወለደ እስኪመስል ድረስ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ለሚያይ ሰው ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የነበረ፣ ባሕሩ ራሱ የደነገገው ልማድ ይመስላል።

መጻሕፍቱ ግን ሌላ ይላሉ። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት በእነዚሁ የበጋ ወራት፣ አቅም ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ ባሕር ይሸሽ ነበር። «በጋን ማሳለፍ» ማለት ወደ ተራራ መውጣት ነበር፤ ከታች የሚቀረው አቅም የሌለው ነው። ታዲያ ነገሩ እንዴት ተገለበጠ? ማንስ ገለበጠው? ለመገለበጡስ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ይህች ጽሑፍ የምትከተለው እነዚህን ጥያቄዎች ነው።

* * *

የከተማዋ ስም «የጥር ወንዝ» ማለት ነው። ፖርቱጋላውያን መርከበኞች ወደ ጓናባራ ሰላጤ የገቡት በጃንዋሪ 1 ቀን 1502 ነው ይባላል፤ ስሙም ከወሩ ወጣ። ወንዝ ግን በቦታው የለም፤ ተራሮች የከበቡት የባሕር ሰላጤ ነው። ከተማዋ ራሷ በ1565 ተቆረቆረች፤ በ1763 የፖርቱጋል ብራዚል ዋና ከተማ ሆነች። በ1808 ደግሞ ናፖሊዮንን ሸሽቶ ውቅያኖስ የተሻገረው የፖርቱጋል ቤተ መንግሥት መጥቶ ሰፈረባት።

በዚያ ዘመን ባሕር መዝናኛ አልነበረም። ስለ ዶም ዣኦ ስድስተኛ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ እግራቸውን መዥገር ነክሷቸው ቁስሉ አልድን ቢል፣ ሐኪሞቻቸው በባሕር ውኃ እንዲታጠቡ አዘዙላቸው። ንጉሡ ግን ሸርጣን ይፈሩ ነበርና ካዡ በሚባለው ዳርቻ በተበሳሳ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ ሣጥኑ ወደ ውኃው እየወረደላቸው ይታጠቡ ነበር ይባላል። ለዚሁ ያገለግል የነበረው ቤት ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እንግዲህ ባሕር መግባት የሐኪም ትእዛዝ ነበር፤ እንደ መራራ መድኃኒት ዐይን ተጨፍኖ የሚወሰድ።

ለሌላው ሕዝብ ደግሞ ባሕር የከተማዋ ጓሮ ነበር። የቆሻሻ ማስወገጃ ቦይ ባልነበረበት ዘመን፣ የየቤቱን ዐይነ ምድር በበርሜል ተሸክመው ሌሊት ወደ ዳርቻው ወስደው የሚደፉት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ከበርሜሉ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ በጀርባቸው ላይ መስመር መስመር እያበጀ ቆዳቸውን ይለውጠው ስለነበር የከተማው ሰው «ነብሮች» ይላቸው ነበር። ቅጽል ስም ብዙውን ጊዜ ስለ ተጠሪው የሚናገር ይመስላል፤ ይህኛው የሚናገረው ስለ ጠሪዎቹ ነው።

ከዚያው ዳርቻ ትንሽ ራቅ ብሎ ቫሎንጎ የሚባል ወደብ ነበር። በ1811 የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ በኩል በባርነት ተይዘው የገቡት አፍሪካውያን 900 ሺህ ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። በ1843 ከኔፕልስ የምትመጣው የንጉሠ ነገሥቱ ሙሽራ ቴሬዛ ክሪስቲና በዚህ በኩል እንድትገባ ተወሰነና፣ በአሮጌው ድንጋይ ላይ አዲስ ያማረ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ስሙም «የእቴጌዪቱ ወደብ» ተባለ። በ1911 ደግሞ ያም ተደፍኖ አደባባይ ሆነ። በ2011 ለከተማ እድሳት ሲቆፈር ሁለቱም ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ እንደ ተኙ ተገኙ። በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ቦታውን ባየሁ ጊዜ ከላይ የእቴጌዪቱ ድንጋይ በወጉ ተጠርቦ፣ ከታች ደግሞ የባሮቹ ድንጋይ ጎርባጣ ሆኖ ይታያል። አንድ ሰው በባዶ እግሩ በዚያ ጎርባጣ ላይ ቢራመድ ምን ይሰማው እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም።

* * *

በዚያው በ1843 ሌላም ነገር ሆነ። ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮ ዳግማዊ ከአባታቸው በወረሱት ርስት ላይ፣ ከሪዮ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅና ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍ በሚል ተራራ፣ ፔትሮፖሊስ የተባለች ከተማ እንድትቆረቆር ፈቀዱ። የበጋ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያ አስጀመሩ። በመጀመሪያ ነገሩ የነፋሻ አየር ጉዳይ ብቻ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ።

በ1849 መጨረሻ ቢጫ ወባ ወደ ሪዮ ገባ። በ1850 በጋ ብቻ በይፋ የተቆጠሩት ሟቾች ከ4 ሺህ ይበልጣሉ። ከዚያ በኋላ በሽታው እንደ ቀጠሮ አክባሪ እንግዳ ሙቀቱ ሲጀምር ይመጣ፣ አየሩ ሲበርድ ይሄድ ጀመር። ከሁሉም ይልቅ የሚጨርሰው ለአገሩ እንግዳ የሆነውን ሰው ስለ ነበር፣ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞችና መርከበኞች እንደ ቅጠል ረገፉ። መንስኤውን የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ከረግረግና ከቆሻሻ የሚነሣ መጥፎ አየር ነው አለ፤ አንዳንዱ ሐኪም ደግሞ በሽታውን ያመጡት የባሪያ መርከቦች ናቸው ብሎ ተከራከረ። በዘመናችን የቫይረሱን የዘር ሐረግ የመረመሩ ሳይንቲስቶች ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በባሪያ ንግድ ዘመን መሆኑን አረጋግጠዋል። ሰውን አስሮ ያመጣው መርከብ የአሳሪውንም ሞት ጭኖ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

ለደጋ ሰው የዚህ ታሪክ ቀጣይ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም። አባቶቻችን ስለ ትንኝ ባያውቁም ንዳድ በቆላ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ቆላ ወርዶ ያረሰ ሰው ለማደር ወደ ደጋ የሚመለስበት ምክንያት ይኸው ነው። ጣልያኖችም የቅኝ ግዛታቸውን መቀመጫ ከሚያቃጥለው ምጽዋ ወደ ነፋሻው አስመራ ያዛወሩት በ1897 ነው። ሪዮም እንዲሁ አደረገች፤ ግን ከተማዋን ሳይሆን በጋዋን ብቻ ነው ወደ ደጋ ያወጣችው። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሚኒስትሮቹ፣ የውጭ አገር መልእክተኞች፣ የቡና ባለ ጠጎች፣ ሁሉም ሙቀቱ ሲጀምር ወደ ፔትሮፖሊስ ይወጣሉ። በ1854 የተከፈተው የብራዚል የመጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር፤ የተዘረጋውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። መንገደኛው ከሪዮ በጀልባ ሰላጤውን ይሻገራል፤ በባቡር እስከ ተራራው እግር ይደርሳል፤ ከዚያ በሠረገላ ይወጣል። በ1883 ባቡሩ ራሱ ጥርስ ባለው ሐዲድ ተራራውን ወጣ።

ዶም ፔድሮ መጻሕፍት ወዳድ፣ ከሊቃውንት ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፉ፣ ከዙፋን ይልቅ መጽሐፍ ቤት የሚስማማቸው ሰው ነበሩ። በኖቬምበር 15 ቀን 1889፣ ሙቀቱ ገና ሲጀምር፣ እንደ ልማዳቸው ፔትሮፖሊስ ነበሩ። ከታች በሪዮ የጦር ሠራዊቱ ሪፐብሊክ ሲያውጅ ወሬው የደረሳቸው በቴሌግራም ነው። በባቡር ወረዱ፤ የወረዱት ግን ለመንገሥ ሳይሆን ለመሰደድ ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ በሌሊት ከነቤተሰባቸው በመርከብ ተሳፍረው ወጡ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእኛው የታኅሣሥ ግርግር ይታወሰኛል። በዲሴምበር 1960 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት የነበሩት በብራዚል ነው። እሳቸው ተመልሰው ዙፋናቸውን አገኙ፤ ዶም ፔድሮ አላገኙም። ንጉሥ ከከተማው በራቀበት ቀን ከተማው ምን እንደሚያስብ የሚያውቀው ሲመለስ ነው።

* * *

ሀብታሙ ወደ ተራራ ሲወጣ ከታች የቀረው ሪዮ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ማሻዶ ዴ አሲስን ማንበብ ይበቃል። በ1839 የተወለደው ይህ ደራሲ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የልጅ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከሪዮ ብዙም ሳይርቅ ኖሮ በ1908 እዚያው ሞተ። በ1899 ባሳተመው «ዶም ካስሙሮ» በተባለው ልቦለዱ፣ ኤስኮባር የሚባለው ገጸ ባሕርይ ማለዳ ማለዳ በፍላሜንጎ ዳርቻ መዋኘት ይወዳል። አንድ ቀን ባሕሩ ተናውጦ ሳለ ደፍሮ ይገባል፤ አልወጣም። ዋና በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የጀብደኛ ሰው ሥራ ነው። ያን ምዕራፍ ያነበብሁት ያው ዳርቻ ላይ ተቀምጬ ነበርና፣ ዐይኔ ከገጹ ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ገጹ ሲመላለስ ዋለ።

የከተማዋ ስም በመርከበኞች ዘንድ የሞት ስም ሆኖ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ «ሎምባርዲያ» የተባለች የጣልያን የጦር መርከብ ሪዮ ላይ መልሕቅ ጥላ 340 ከሚሆኑት ባሕረኞቿ ከ200 በላይ የሚሆኑት በቢጫ ወባ አለቁ። አንዳንድ የመርከብ ኩባንያዎችም ብራዚል ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ አርጀንቲና እንደሚሄዱ በማስታወቂያ ያሳውቁ ነበር። አለመቆማቸው ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆኖ ነበር። ዛሬ መርከብ ሙሉ ጎብኚ የሚራገፍባት ሪዮ ያኔ የምትታለፍ ከተማ ነበረች።

መልሱ የመጣው ከሌላ ደሴት ነው። ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በ1881 በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ1900 በዋልተር ሪድ የሚመራው የአሜሪካ የጦር ሐኪሞች ቡድን ሐቫና ላይ ባደረገው ሙከራ ፊንላይ ትክክል መሆኑ ታወቀ። በ1903 ፕሬዚዳንት ሮድሪጌስ አልቬስ የ30 ዓመቱን ወጣት ሐኪም ኦስቫልዶ ክሩዝን የሕዝብ ጤና ኀላፊ አድርገው ሾሙት። ወጣቱም «ትንኝ ገዳይ» የተባሉ ቡድኖችን አደራጅቶ በየቤቱ ሰደደ። በርሜሉ ተከደነ፤ የታቆረው ውኃ ተደፋ፤ የታመሙት ቤት በጢስ ታጠነ። በ1903 በከተማዋ 584 ሰዎችን የገደለው ቢጫ ወባ በ1909 አንድም ሰው አልገደለም። ወረርሽኙ በ1928 እና በ1929 ዳግመኛ ተነሥቶ የነበረ ቢሆንም ያ የሽብር ዘመን ግን አልተመለሰም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም እንዴት ደስ ባለ! ነገር ግን ትንኝ ገዳዩ የሚያንኳኳው በር ባለቤት ነበረው። በእነዚያው ዓመታት ከንቲባው ፔሬይራ ፓሶስ ሪዮን ፓሪስ ለማድረግ ተነሥተው፣ በመካከለኛው ከተማ ድኾች ተጨናንቀው ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶችን በመቶዎች አስፈረሱ፤ በቦታቸውም 33 ሜትር የሚሰፋ ጎዳና ተዘረጋ። በኖቬምበር 1904 በዚህ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ግዴታ ሲታወጅ ሕዝቡ ገነፈለ። ለአንድ ሳምንት ያህል ትራም ተገለበጠ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ 30 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከተያዙት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩት በመርከብ ተጭነው ወደ አማዞን ዳር፣ ወደ አክሬ ተጋዙ። አክሬ ከቦሊቪያ ወደ ብራዚል የዞረችው ከአንድ ዓመት በፊት በተፈረመ ውል ነው፤ ውሉ የተፈረመውም በፔትሮፖሊስ ነበር። ሹማምንቱ በቀዝቃዛው ተራራ ላይ ያገኙት ምድር ከታች ላለው እንቢተኛ መጣያ ሆነ።

ቤታቸው የፈረሰባቸው የት ሄዱ? ከፊሉ ወደ ሩቅ ሰፈር፣ ከፊሉ ወደ ኮረብቶቹ። በ1897 ከካኑዶስ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች የተገባላቸው ቤት ሲቀርባቸው ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ ሰፍረው ነበር። ኮረብታውን በዘመቱበት አገር ባለ ተራራ ስም «ፋቬላ» አሉት፤ ቃሉም በኋላ የዚያ ዐይነት ሰፈር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሪዮ ውስጥ ሁለት ዐይነት ወደ ላይ መውጣት ነበረ፦ ባለ ጠጋው ለበጋ ወደ ተራራ የሚወጣው፣ ድኻው ደግሞ ቦታ አጥቶ ለዘለዓለም ወደ ኮረብታ የሚወጣው።

* * *

ሞት ከዳርቻው ሲነሣ ገንዘብ ወረደ። ኮፓካባና በቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ዳር ባለች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራች፣ ከከተማው በተራራ የተለየች ጭር ያለች አሸዋ ነበረች። በ1892 ተራራው ተበስቶ ትራም የሚያልፍበት መሿለኪያ ተከፈተ። በ1906 ሁለተኛው መሿለኪያ ተከተለ፤ በዳርቻው ላይ የሚሄደው የአትላንቲክ ጎዳናም ተጀመረ። በ1923 ታላቁ የኮፓካባና ፓላስ ሆቴል በሩን ከፈተ፤ የታሰበው ለ1922ቱ የነፃነት መቶኛ ዓመት ነበር፤ ዘገየ እንጂ።

ባሕር መግባት ግን በአንድ ቀን አልተለመደም። በ1917 የወጣ የማዘጋጃ ቤት ደንብ በበጋ ወራት ባሕር የሚገባው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ደግሞም ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ነው ይላል። በእሑድና በበዓል ቀን አንድ ሰዓት ይጨመራል። ልብስ ጨዋ መሆን አለበት፤ ጩኸት ክልክል ነው፤ የተላለፈ ይቀጣል፣ ይታሰራልም። ዛሬ ዳርቻው የሚሞላበት ሰዓት ያኔ ክልክል የነበረበት ሰዓት ነው። በዚያው በ1917 ዳርቻውን ለሰው ያመቻቸው ኦስቫልዶ ክሩዝ በ44 ዓመቱ ሞተ። የሞተውም በፔትሮፖሊስ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ስለ ፔትሮፖሊስ ሲነሣ ሌላም ሞት ትዝ ይለዋል። ኦስትሪያዊው ደራሲ ስቴፋን ዝዋይግ ናዚዎች ካሳደዱት በኋላ ከባለቤቱ ጋር ብራዚል ገብቶ፣ አገሪቱን የመጪው ዘመን ምድር ብሎ ያወደሰባትን መጽሐፍ በ1941 አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ፔትሮፖሊስ ውስጥ አነስተኛ ቤት ተከራየ። በፌብሩዋሪ 1942 ካርኒቫል ሊያይ ወደ ሪዮ ወረደ። ከተማው ሲጨፍር ሲንጋፖር በጃፓን እጅ መውደቋ ተሰማ። ወደ ተራራው ተመለሰ፤ በቀናት ውስጥም ባልና ሚስቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። የሸሸበት ቦታ ሰላም ነበረ፤ የሸሸው ሰው ግን ሰላሙን መጠቀም አልቻለም። በአንድ በጋ ውስጥ የባሕሩ ጭፈራና የተራራው ጸጥታ እንዲህ ተራርቀው አያውቁም።

* * *

የሪዮ ሰው ስለ ዳርቻው አንድ የሚኮራበት ነገር አለው፦ «አሸዋ ላይ ሁሉም እኩል ነው» ይላል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። በ1988 የወጣው ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ሀብት መሆኑንና ማንም ሰው በየትኛውም አቅጣጫ ያለ ክልከላ ሊገባበት እንደሚችል ይደነግጋል። ሆቴል አጥር ሊያጥርበት አይችልም፤ ባለ ቪላ በር ሊያቆምበት አይችልም። ይህ ከብዙ አገሮች ሲነጻጸር ትልቅ ነገር ነው፤ ሳደንቀው እኖራለሁ።

ዳርቻው ክፍት ቢሆንም መንገዱ ግን ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ሠራተኛው ሕዝብ የሚኖረው ከተራራው ጀርባ በሰሜኑ ክፍል ነው። በ1967 የሬቦሳስ መሿለኪያ ሲከፈት ሰሜኑና ዳርቻው ተቀራረቡ፤ በ1980ዎቹ ከሰሜን በቀጥታ ወደ ዳርቻው የሚሄዱ አውቶቡሶች ሲጀመሩ ግን የዳርቻው ነዋሪዎች ብዙ አጉረመረሙ። በኦክቶበር 1992 በአርፖአዶር ዳርቻ የወጣቶች ግርግር ተነሥቶ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ከሰሜን የሚመጣ ጥቁር ልጅ ሁሉ እንደ ወንበዴ ይታይ ጀመር። በ2015 ፖሊስ ወደ ባሕር የሚሄዱ አውቶቡሶችን እያስቆመ፣ አንዳች ወንጀል ሳይገኝባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን አውርዶ ወሰደ፤ በኋላ ፍርድ ቤት ከለከለ። ከሰሜን በሚመጣ አውቶቡስ አንድ እሑድ ተሳፍሬ ነበር። ልጆቹ የያዙት ነገር ቢኖር የትራንስፖርት ገንዘብና አንድ ፎጣ ነው። መሿለኪያው ውስጥ ሲገቡ ይጮኻሉ፤ ሲወጡ ብርሃኑን አይተው ይዘምራሉ። አንድ ሰው ወደ ገዛ ከተማው ባሕር ሲሄድ እንደ እንግዳ ከታየ ያ ሕግ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ የቀረ ነው እላለሁ።

አሁን ደግሞ አሮጌው በሽታ በሌላ ስም ተመልሷል። ያቺው የኦስቫልዶ ክሩዝ ትንኝ በ1958 ከብራዚል ጠፋች ተብሎ ታውጆ ነበር፤ በ1970ዎቹ ተመልሳ በ1986 ሪዮ ላይ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ አስነሣች። በ2024 በአገሪቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በደንጊ እንደ ተያዙ ተገምቷል፤ ሪዮም ካርኒቫሉ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጀች። በዚያው ዓመት በማርች 17 ቀን በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ሙቀቱ በሰው ገላ ላይ የሚሰማው 62.3 ዲግሪ ደርሶ ተመዘገበ። ሽሽት የነበረው ተራራም መሸሻ መሆኑ ቀርቷል። በጃንዋሪ 2011 በሪዮ ተራራማ ወረዳዎች በደረሰ የመሬት መንሸራተት ከ900 በላይ ሰዎች ሞቱ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2022 ፔትሮፖሊስ ላይ በጥቂት ሰዓታት የወረደ ዶፍ ከ230 በላይ ሰዎችን በጭቃ ቀበረ። የሞቱት አብዛኞቹ በገደል ጫፍ ላይ ቤት የሠሩ ድኾች ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ የበጋ ቤተ መንግሥት ያለበት ሜዳ ከጥንት ጀምሮ ለእነሱ አልነበረምና።

* * *

በኮፓካባና ዳርቻ ዳር፣ ገጣሚው ካርሎስ ድሩሞንድ ዴ አንድራዴ በነሐስ ተቀርጾ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐውልቱ የቆመው በተወለደ በመቶ ዓመቱ በ2002 ነው። መነጽሩን ሌቦች ደጋግመው ሰርቀውታል፤ በተሰረቀ ቁጥር ይተካለታል። ጎብኚዎች አጠገቡ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ገጣሚው ጀርባውን ለባሕሩ፣ ፊቱን ለሰዉ ሰጥቶ መቀመጡን ሳይ ትክክል ነው አልሁ። ባሕሩ ከጥንትም ያው ባሕር ነው፤ መድኃኒት፣ ቆሻሻ መጣያ፣ መቃብር፣ ደስታ ያደረገው ሰዉ ነው።

የሪዮ በጋ ጫፍ የሚደርሰው በዘመን መለወጫ ሌሊት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ነጭ ለብሶ ወደ ኮፓካባና ይወርዳል፤ ብዙዎችም አበባ ወደ ማዕበሉ ይወረውራሉ። ልማዱን ያመጡት የአፍሪካውያን ዘር የሆኑ ምእመናን ናቸው፤ ነጩ ልብስና አበባው የዮሩባ ሕዝብ የባሕር እናት ብሎ ለሚያከብራት ለዬማንጃ የሚቀርብ ነበር። ዛሬ ከሆቴሉ ሰገነት ሆኖ ርችት የሚመለከተው ባለ ጠጋም ነጭ ይለብሳል፤ ለምን እንደሚለብስ ግን ላያውቅ ይችላል። በዚህ ባሕር ታስረው የመጡት ሰዎች፣ የከተማዋን ቆሻሻ በጀርባቸው ወደዚህ ባሕር ያመላለሱት ሰዎች፣ ልጆቻቸው ዛሬም ወደዚህ ባሕር ሲመጡ ከአውቶቡስ የሚወርዱባቸው ሰዎች፤ ሪዮን በበጋ ሌሊት ወደ ባሕር መውረድ ያስተማሯት እነዚህ ናቸው። ጌቶቹ ያንኑ ባሕር ሸሽተው ተራራ ላይ በነበሩበት ዘመን፣ እነሱ ከታች ቀርተው በአክብሮት ያነጋግሩት ነበር።